ጅማ ሆናችሁ የጨረቃ ግርዶሽ ለማየት ካሰባችሁ

መጀመሪያ ስለ ዓይን ልበል፣ ሁሌ የምጠየቀው እሱን ስለሆነ። የጨረቃ ግርዶሽ መነጽር ምናምን አይፈልግም፣ ዓይን የሚጎዳው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። እዚህ የሚሆነው የራሳችን የመሬት ጥላ ጨረቃ ላይ ማረፉ ብቻ ነው፣ ብርሃኗ እንደውም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ልጆችም አያቶችም እስኪበቃቸው ቢያፈጡባት ምንም አይሆኑም።

ሰው የሚሸወደው በሰዓቱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፣ ወደኛ አቆጣጠር ለማምጣት 3 ትቀንሳላችሁ፣ ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 ትቀንሳላችሁ፣ ዩቲሲው ራሱ ከ3 በታች ከሆነ ግን መጀመሪያ 12 ትጨምሩበታላችሁ፣ በቃ። 16:16 ካለ 3 ሲቀነስ 13:16፣ ማለትም ከምሽቱ 1:16። ቀኑንም እዩ፣ ፈረንጆቹ ቀን የሚቀይሩት በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ የዩቲሲው ቀን ደግሞ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ እሱን ሳያስተውል በማግስቱ ማታ ወጥቶ ደህናዋን ሙሉ ጨረቃ ሲጠብቅ ያመሸ ጓደኛ አለኝ፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ሁለተኛው ደመና ነው። የጳጉሜ 2 ቀን 2017ቱ ሙሉ ግርዶሽ 2:30 ላይ ገብቶ እስከ 3:52 ቆይቷል፣ ግን የጅማን ጳጉሜ ታውቁታላችሁ አይደል፣ ሰማዩ ድፍን ብሎ ነበር፣ ጎረቤቶቼ አይ ዛሬ አይሆንም ብለው ገቡ፣ እኔ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ላይ ቀረሁ፣ ሶስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ደመናው ለሁለት ተከፈለና የበሰለ የቡና ፍሬ መስላ ብቅ አለች። እየሮጥኩ በር ማንኳኳት ጀመርኩ። ያየናት አስር ደቂቃ ብትሆን ነው፣ ግን አየናት። ስለዚህ ደመና አለ ብላችሁ አትተኙ፣ ሙሉ ግርዶሽ አንዳንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል፣ መሀል ላይ አንዴ ሊከፈት ይችላል።

አሁን እንድትዘጋጁለት የምፈልገው ታህሳስ 22/2021 ነው፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31/2028። ታህሳስ ስለሆነ ዝናቡ አልፏል፣ ሰዓቱም ለልጆች የሚመች ነው። 12:07 ላይ ጥላው መንካት ይጀምራል፣ ጅማ ላይ ግን ጨረቃዋ የምትወጣው ከዛ ትንሽ ቆይታ ጀምበር ስትጠልቅ ነው፣ ማለትም ጠርዟ ተነክሶ ነው የምትወጣው። ከ1:16 እስከ 2:28 ሙሉ በሙሉ ትቀላለች፣ 3:36 ላይ ከጥላው ትወጣለች። ችግሩ ዝቅ ብላ ነው ያለችው፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትሰሩ 1:16 ላይ ከአድማስ አንድ ጡጫ ብትርቅ ነው። ስለዚህ በምስራቅና በሰሜን ምስራቅ በኩል ፎቅም ዛፍም ኮረብታም የማይጋርድበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። መሀል ከተማ ከሆናችሁ የጅሬን ከፍታ ራሱ በዛ በኩል ነው ያለው፣ እንደኔ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ወጥቶ ምስራቁ የተከፈተበት ቦታ መፈለግ ይሻላል። ቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ ከአንድ ወር በፊት ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ብታዩ በግምት የት በኩል እንደምትሆን ይገባችኋል።

ስታዩ ምን ላይ ታተኩራላችሁ? ሙሉ ከመሸፈኗ በፊትና ከተሸፈነች በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ላይ። ባይኖክላር ያለው ሰው ካለ ለምኑት፣ 7 በ50 ወይ 10 በ50 (7 ወይ 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቢሆን ከበቂ በላይ ነው፣ የጥላው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ቢጤ መስመር ይታያል፣ እሱ ኦዞን (አየራችን ላይኛው ክፍል ያለ ጋዝ) ውስጥ ያለፈ ብርሃን ነው። ቀዩ ደግሞ በመሬት ዙሪያ ያለው የንጋትና የምሽት ብርሃን ሁሉ አየራችን ውስጥ ታጥፎ ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የሚመጣ ነው፣ ሰማያዊው መንገድ ላይ ይበተናል፣ ቀዩ ያልፋል። የጥላውንም ቅርጽ እዩ፣ ሁሌ ክብ ነው፣ አርስቶትል መሬት ክብ ናት ካለባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይሄው ነበር። ጨረቃዋ ስትደበዝዝ ደግሞ ቅድም ያልነበሩ ከዋክብት ሰማዩን ይሞሉታል፣ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው፣ መብራት የሄደ ቀን ከሆነማ በቃ ሌላ ሰማይ ነው።

ፎቶ ለምትፈልጉ፣ ስልኩን በእጅ አትያዙት፣ ድንጋይ ላይም ቢሆን አስደግፉትና የ3 ሰከንድ ታይመር አድርጉ። ገና በከፊል እያለች ስክሪኑ ላይ ጨረቃዋን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደታች ጎትቱት፣ አለዚያ ነጭ ነጥብ ነው የምትሆነው። ከቀላች በኋላ ናይት ሞድ። ሁለት ሶስት አንስታችሁ ግን ስልኩን አስቀምጡት፣ የስክሪኑ ብርሃን ዓይናችሁን ያደነዝዘዋል።

ሙስሊም ጎረቤቶች ካሏችሁ ሰዓቱን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ የግርዶሽ ሶላት ስላለ መቼ እንደሚጀምር ማወቅ ይፈልጋሉ። ጋቢ ያዙ፣ ታህሳስ ማታ ይበርዳል፣ ቡና በፔርሙዝ። ከጅሬን ስትመለሱ ብቻችሁን በእግር አትውረዱ፣ ጅብ አለ፣ የሚመልሳችሁን ባጃጅ ስትወጡ ጨርሱት፣ ለ3:40 ብላችሁ ቅጠሩት።