ፓፉ አልሠራ ሲል፦ አስምና ሲኦፒዲ በአንድ ሳንባ

አስም ያለበት ሰው ለዓመታት ሲያጨስ ከኖረ፣ ወይም አስም ያለባት እናት ዕድሜዋን በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ስትጋግር ካሳለፈች፣ በአስሙ ላይ ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚቆይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ) ሊደረብ ይችላል። ያኔ ሳንባን የሚያስቆጡት የመከላከያ ሴሎች ሁለት ወገን ይሆናሉ፤ በአስሙ በኩል ብዙውን ጊዜ ኢኦሲኖፊል፣ በጭሱ በኩል ኒውትሮፊል። የትኛው እንደበረታ ሳያጣሩ መድኃኒት መቀያየር ትርፉ ድካም ነው።

ፓፉ እየተወሰደ ትንፋሽ ካጠረ
መጀመሪያ አወሳሰዱን ይዩ። ታማሚው ፓፉን ሲጫን ጭጋጉ ከአፉ ተመልሶ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አያለሁ፤ መድኃኒቱ ምላስ ላይ ቀረ ማለት ነው። አየር አስወጥቶ፣ በዝግታ እየሳቡ አንዴ መጫን፣ ከዚያ እስከ አሥር እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ ነው። ይህ ካስቸገረ፣ ግርጌው በፓፉ አፍ ልክ የተበሳ ንጹሕ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በመሐል ይግባ።

ማፏጨቱ ሌሊትና ንጋት ላይ ከባሰ
የአስሙ ወገን ሳይበረታ አይቀርም። በደም ምርመራ ኢኦሲኖፊል በማይክሮሊትር 300 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የሚሳብ ስቴሮይድ (የሳንባን መቆጣት የሚያበርድ ፓፍ) ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ደሙ ግን ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ ክኒን ከመዋጡ በፊት ይሰጥ፤ ክኒኑ ቁጥሩን ያወርደዋል። በአገራችን ሌላም ነገር አለ፦ የሆድ ትላትልም ኢኦሲኖፊልን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ የሰገራ ምርመራ ይጠይቁ። ስትሮንጂሎይደስ የተባለው ትል ያለበት ሰው የስቴሮይድ ክኒን ሲወስድ ትሉ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል፤ ይህን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናለሁ።

አክታው በዝቶ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ
ኒውትሮፊል በዝቷል፤ ባክቴሪያም ገብቶ ይሆናል። የሚሳብ ስቴሮይድ የሳንባ ምች ዕድልን ይጨምራል፤ ኢኦሲኖፊላቸው ከ100 በታች የሆነ ሲኦፒዲ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከመድኃኒቱ የሚያገኙት ጥቅም አነስተኛ ነው። ቢሆንም አስም ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ማቆም የለበትም፤ መጠኑን ሐኪም ያስተካክለው።

ምላስ ላይ ነጭ ነገር ከወጣ
ፈንገስ ነው፤ በሐኪም ይታከማል። ከእያንዳንዱ የስቴሮይድ ፓፍ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይከላከለዋል።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈና ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቀ
የአስም ነው ብለው አይጠብቁ፤ አክታው ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። ከንፈር ከጠቆረ ወይም አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ ግን፣ የአየር ቧንቧን ቶሎ የሚከፍተውን ፓፍ እየወሰዱ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።