ፊቱ ከፍ በተደረገ ፒክአፕ ላይ ጎማና ቸርኬ ሲቀየር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ አዲሱን ቸርኬ ሊያሳየኝ የ2020 ፎርድ ኤፍ 150ውን ይዞ አውሮራ፣ ኮሎራዶ ያለው ቤቴ መጣ። ያምራል፣ አልዋሽም። ፊቱ በ2 ኢንች ከፍ ብሏል፣ ቸርኬው ጥቁር ነው፣ ጎማው 35 ኢንች። ቡና ጠጥተን ሊሄድ ሲነሳ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሮ ወደ ኋላ ሲለቀው ከፊት ቀኝ ጎማ «ግርርር» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ምንድነው እሱ?»

«ኧረ ተወው፣ ስዞር ብቻ ነው።»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይቺ «ስዞር ብቻ ነው» ናት። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ጎሚስታ ቤት ስላደግኩ የጎማ ድምፅ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ፒክአፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ቀና፣ ፊቱ ደፋ ብሎ ነው። ዕቃ ሲጫን ወይም ተጎታች ሲጎትት ኋላው ይወርድና ይስተካከላል። ባዶውን ሲሄድ ግን መልኩ የማይጥማቸው አሉ፤ ከፊት አሞርዛተርና ሞላ በላይ የብረት ቁራጭ አስገብተው ፊቱን ከኋላው ጋር እኩል ያደርጉታል። እዚህ ሁሉም «ሌቭል ማድረግ» ነው የሚለው። ከዚያ ተራው የጎማና የቸርኬ ይሆናል፤ ገንዘቡም የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከፍ ስላለ ሁሉም ጎማ ይገባል ብሎ ማመን

መኪናው ቆሞ ሳለ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል የሚታየው ክፍተት ያታልላል። እጅ ይገባል፣ ጡጫ ይገባል፣ «ኧረ 37ም ይችላል» ይባላል። ያ ክፍተት ግን ወደ ላይ ነው። ጎማ የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፤ መሪው ሲዞር የጎማው ጥግ ከፊት የመከላከያውን ፕላስቲክ፣ ከኋላ የፓራፋንጎውን የውስጥ ልባስ ይፈልጋል። ፊቱን በ2 ኢንች ማንሳት ያንን ጉድጓድ በርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር አያሰፋውም። ወደ ላይ ያለውም ቢሆን ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሞላው ሲጨመቅ ይጠፋል። ልክ የሚታወቀው መሪው ጥግ ድረስ ዞሮ ነው፣ ያውም ሁለቱንም አቅጣጫ፣ ወደ ኋላም እየሄዳችሁ።

ቸርኬን በዓይን መምረጥ

የአክስቴ ልጅ ጥፋት ዋናው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቸርኬ ሲገዛ ሁሉም ዲያሜትሩን ይጠይቃል፣ ጥቂቶች ስፋቱን፣ ኦፍሴቱን የሚጠይቅ ግን የለም። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ፊት ከቸርኬው ስፋት አጋማሽ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ፕላስ ሲሆን ቸርኬው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማይነስ ሲሆን ወደ ውጭ ይወጣል።

የእሱ መኪና ይዞት የመጣው ቸርኬ ባለ 20 ኢንች፣ ስፋቱ 8.5፣ ኦፍሴቱ ፕላስ 44 ነበር። የገዛው 20 በ10፣ ማይነስ 18 ነው። አብረን እንደምር። ስፋቱ በ1.5 ኢንች ጨመረ፤ ግማሹ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሄዳል። ከፕላስ 44 እስከ ማይነስ 18 ደግሞ 62 ሚሊ ሜትር አለ። ሲደመር 81 ሚሊ ሜትር፣ ከ3 ኢንች በላይ። በአንድ ጎን ብቻ ነው ይሄ!

ጎማ ሲዞር እንደ በር ነው። ማጠፊያው ከመኪናው በኩል ነው፤ ጎማው ከማጠፊያው በራቀ ቁጥር ጫፉ የሚጠርገው ቦታ ይሰፋል። ያው 35 ኢንች ጎማ ወደ ውስጥ ገባ ባለ ቸርኬ ላይ በጭንቅ ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ ማይነስ 18 ላይ ግን ወደ ፓራፋንጎው ይወረወራል። የሚነካው ጎማው ስለተለቀ ብቻ ሳይሆን ስለራቀም ነው።

ያን ቅዳሜ ካርቶን አንጥፈን፣ የስልክ መብራት ይዘን ከሥር ገባን። ከጎማው ኋላ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ እንደታሰሰ ምጣድ አብረቅርቋል፤ ከታች በኩል አንድ ቦታ ሳስቶ ተቀዷል። የጎማው ትከሻ ላይ የተፋቀው ፕላስቲክ እንደ ጭራ ተንጠልጥሏል። ገና በ3 ሳምንቱ።

ጉዳቱ ድምፅ ብቻ አይደለም። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር የኩሽኔቱ ሸክም ይጨምራል፣ መሪው ጉድጓድ ሲያገኝ እጅ ላይ ይጎትታል፣ የመኪናው ጎን በጠጠርና በክረምት ጨው ይደበደባል። «ቆርጠን እናስገባዋለን» የሚሉ ሱቆች አሉ። ፕላስቲክ መቁረጥ ብዙም አያስከፋኝም። ነገር ግን ከ2015 ወዲህ ባሉት ብዙ ኤፍ 150ዎች ላይ ከፊት ጎማ ኋላ ለግጭት ተብሎ የተሠራ ብረት አለ፤ ለመልክ ብሎ እሱን መቁረጥ አልቀበልም።

እኔ ብሆን ለዚህ መኪና 20 በ9፣ ፕላስ 20 አካባቢ እመርጣለሁ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ቆም ብሎ ለሚያየው በቂ ነው። ጎማው 275/60 አር 20፣ ማለትም 33 ኢንች።

6 ቀዳዳ ሁሉ አንድ ነው ማለት

አይደለም። የኤፍ 150 የብሎን ቀዳዳዎች ዲያሜትሩ 135 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ናቸው፤ የሸቭሮሌ ሲልቨራዶ 1500ና የቶዮታ ታኮማ ደግሞ 139.7 ላይ። በዓይን አይለይም። 139.7 የሆኑትም እርስ በርስ አይዋዋሱም፤ ምክንያቱም የመሃል ቀዳዳቸው ይለያያል። የሲልቨራዶው 78.1 ሲሆን እስከ 2023 ሞዴል ያለው ታኮማ 106.1 ነው። የሲልቨራዶ ቸርኬ ቶዮታ ላይ ጨርሶ አይገባም። የቶዮታው ሲልቨራዶ ላይ ይገባል፣ ግን መሃሉ ሰፍቶ ይዋልላል።

ለብዙ መኪና ታስበው የሚሸጡ ቸርኬዎችም የመሃል ቀዳዳቸው ሰፊ ነው። ክፍተቱን የምትሞላ ቀለበት ትሸጣለች፣ ዋጋዋ ኢምንት ነው። ሾጣጣ ዳዶ ቸርኬውን ራሱ መሃል ያስይዘዋል የሚሉ አሉ፤ በጥንቃቄ ከታሰረ እውነት ነው። ችግሩ ሁሌ በጥንቃቄ አለመታሰሩ ነው። በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ስትወጡ 65 ማይል ላይ መሪው ከተንቀጠቀጠ፣ ሦስት ጊዜ ባላንስ ከማሠራት በፊት ቀለበቷ መኖሯን እዩ።

አገር ቤት ላለ ባለ 6 ቀዳዳ ሃይሉክስ ቸርኬ መላክ የምታስቡም ካላችሁ፣ እሱም 139.7ና 106.1 ነው።

ዳዶውን መናቅ

ብዙ የቶዮታ ፒክአፖች ከፋብሪካ ቸርኬያቸው ጋር የሚመጣው ዳዶ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ነው። ገበያ ላይ ያለው ቸርኬ አብዛኛው ሾጣጣ ዳዶ ነው የሚፈልገው። በጠፍጣፋው ብታስሩት ይጠብቃል፣ ይመስላልም፤ ግን በትክክል አይቀመጥም፣ እየነዳችሁ ይላላል። አዲስ ቸርኬ ስትገዙ ዳዶው አብሮ ይታሰብ።

አጠባበቁ ሌላ ታሪክ ነው። እኛ ጎሚስታ ቤት መፍቻው ጫፍ ላይ ቆመን በሰውነታችን ነበር የምናጠብቀው፤ የወጣልን ይውጣልን ነበር። እዚህ ደግሞ በአየር መሣሪያ «ድርርር» አድርገው ይሰጧችኋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። ኤፍ 150 በ150 ፓውንድ-ፊት (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ነው የሚታሰረው፤ ቁጥሩን የሚያሳይ መፍቻ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በውሰት ይገኛል። ተራ በተራ በክብ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገራችሁ አጥብቁ። 100 ማይል ሳትሄዱ እንደገና ፈትሹ። አንድ ሱቅ አስረውልኝ ሄጄ ማታ ስፈትሽ ከ6ቱ ዳዶ ሁለቱ በግማሽ ዙር ጠብቀውልኛል። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላምንም።

ከባድ ጎማ ላይ የድሮውን ነፋስ መሙላት

ፋብሪካው የሚያስገባው ጎማ ብዙ ጊዜ የቤት መኪና ዓይነት ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈው 35 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ለእሱ ነው። ኤልቲ የሚል ምልክት ያለው የጭነት ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከዚያ በላይ ነፋስ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከ40 ይበልጣል፤ ልኩ በአምራቹ የጭነት ሠንጠረዥ ላይ አለ። በሌላ በኩል ጎኑ ላይ 65 ወይም 80 የሚለውን አይቶ እስከዚያ የሚሞላ አለ። እሱ ጣሪያው ነው። እንደዚያ የተሞላ ጎማ መሃሉ ብቻ ይበላል፣ በረዶ ላይም አይይዝም። ቸርኬው ራሱ የሚችለው ክብደት ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ተቀርጿል፤ ጎማ ሳይገባበት እዩት።

ከታሰረ በኋላ የሚረሱት

አላይመንት። ፊቱ ሲነሳ የጎማው ዘንበል ማለትና አቅጣጫው ይለወጣል፤ ሳይስተካከል የተነዳ አዲስ ጎማ ጠርዙን በልቶ ነው የሚገኘው። አላይመንት መጨረሻ ላይ፣ ጎማው ከገባ በኋላ ይሠራ። የፊት መብራቱም ቀና ስለሚል ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል፤ ማስተካከያ ብሎን አለው፣ ዝቅ አድርጉት።

ፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል። የቀድሞው ጎማ 32 ኢንች ገደማ ከነበረና 35 ካስገባችሁ፣ 65 ሲል እናንተ 71 ላይ ናችሁ፤ ፖሊሱ የሚያየው ሁለተኛውን ነው። የነፋስ መቆጣጠሪያ ሴንሰሮቹን ከአሮጌው ቸርኬ አስፈትታችሁ አዛውሩ። ስኮርታው አሮጌው ትንሹ እንደሆነም አትርሱ፤ ኋላ ላይ ትልቅና ትንሽ ጎማ አስራችሁ ብዙ ከሄዳችሁ ዲፈረንሻሉ ይከፍላል።

ሁሉንም ጎማ በአንዴ ማስገባት

ጎማ የገባበትን ቸርኬ መልሶ የሚቀበል ሱቅ አታገኙም። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶውን ቸርኬ ፊት ላይ አስራችሁ ፍሬኑን እንዳይነካ እዩ። ቀጥሎ አንድ ጎማ ብቻ አስገብታችሁ ፊት ላይ እሰሩት፣ ከክሪክ አውርዱት፣ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሩ፣ አንድ ጎኑን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በቀስታ አውጡት። ካልነካ ሦስቱን ቀጥሉ።

የአክስቴ ልጅ ቸርኬዎቹን በኅዳር በግማሽ ዋጋ ሸጧቸዋል። 35ቱን ጎማዎች ግን ጋራዡ ውስጥ ደርድሮ፣ የልጁን ብስክሌት ውጭ አውጥቶ፣ «6 ኢንች ሊፍት አስገባለሁ» እያለ ነው።