አዳፕተሩ ነው የተበላሸው ወይስ ዕቃው? በመልቲሜትር እንዴት እንደሚለይ

አልበራ ያለ ዕቃ ከመፈታቱ በፊት አዳፕተሩ ይፈተሽ። ለዚህ ተራ ዲጂታል መልቲሜትር ይበቃል። ይሁን እንጂ ዕቃ ሳይሰካበት የሚነበበው ቮልት የፈተናው ግማሽ ብቻ ነው፤ ባዶውን 12 ቮልት አሳይቶ ሎድ (ኤሌክትሪክ የሚስብ ዕቃ) ሲያርፍበት የሚወድቅ አዳፕተር ብዙ ነው።

መጀመሪያ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «ኢንፑት» ከግድግዳ የሚገባው፣ «አውትፑት» ደግሞ ለዕቃው የሚወጣው ነው። ከአውትፑቱ ቮልት አጠገብ አንድ ሙሉ መስመር፣ ከሥሩም የተቆራረጠ መስመር ካለ ዲሲ ነው፤ የሞገድ ምልክት ካለ ኤሲ ነው። ኤሲ የሚያወጡት ጥቂት ቢሆኑም አሉ፤ እነሱን በዲሲ የለካ ሰው ዜሮ አንብቦ ደህናውን ይጥላል። ትንሿ የክብ ሥዕል የጃኩ (ዕቃው ላይ የሚሰካው የገመዱ ጫፍ) መሃል ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ትነግርዎታለች።

ጥቁሩን የመልቲሜትር ገመድ «ኮም» ላይ፣ ቀዩን የቮልት ምልክት ያለበት ቀዳዳ ላይ ይሰኩ። ቀዩ የአምፔር ቀዳዳ ላይ ቀርቶ እንዳይሆን ደግመው ይዩ። «ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ልየው» ብሎ መልቲሜትሩን በአምፔር አድርጎ ጃኩን መንካት የተለመደ ስህተት ነው። በአምፔር ላይ ያለ መልቲሜትር እንደ ባዶ ሽቦ ስለሆነ አዳፕተሩን ሾርት ያደርገዋል፤ ቢቀል ፊውዝ ይቃጠላል።

መዞሪያውን ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ አዳፕተሩ 24 ቮልት ከሆነ 200 ላይ። ክብ ጃክ ከሆነ የቀዩን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ያስገቡ፣ ጥቁሩን የውጪው ብረት ላይ ያሳርፉ። የቀዩ ጫፍ ወፍሮ እምቢ ካለ አዳፕተሩን ከሶኬት ነቅለው ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ያስገቡ፣ ሽቦው የውጪውን ብረት አለመንካቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ መልሰው ይሰኩት።

ባለ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ካነበበ ለጊዜው ደህና ነው። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ የጃኩ ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጥ) ከጠበቁት ተቃራኒ ነው፤ ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩት። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ከተመላለሰ አዳፕተሩ ለመነሳት እየሞከረ መልሶ እየጠፋ ነው፤ ውስጡ ወይም ገመዱ ላይ ሾርት አለ፣ አለዚያም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው ክፍል) ደክሟል። ከባድ የሆነው የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ግን ባዶውን 16 ወይም 17 ቮልት ቢያሳይ አይደንግጡ፤ ሎድ ሲያገኝ ይወርዳል።

ዜሮ ካነበበ ወዲያው አይጣሉት። የመልቲሜትሩን ጫፎች ጃኩ ላይ እንደያዙ ሌላ ሰው ገመዱን ከጃኩ ሥርና ከሳጥኑ መውጫ ላይ ቀስ አድርጎ ያጣጥፈው። ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ካለ የተበጠሰው ሽቦው ነው፤ ያ ደግሞ በቀላሉ ይጠገናል።

አሁን ወደ ሎዱ። 12 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ክፍል) 12 ቮልት ላይ 1 አምፔር ይስባል፣ 12 ዋት ሙቀትም ያወጣል። ስለዚህ 25 ዋት የሚችል ይፈልጉ፤ ሸክላ ላይ ያስቀምጡት፣ በእጅዎ አይንኩት። የመኪና 21 ዋት አምፖልም 1.75 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ለባለ 2 አምፔር አዳፕተር ጥሩ ፈተና ነው። ችግሩ፣ የአምፖል ክር ቀዝቃዛ ሳለ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ደህና አዳፕተር እንኳ ራሱን ለመከላከል ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሬዚስተሩ ይሻላል። ሎዱ እንደተያያዘ 10 ደቂቃ ያቆዩትና ቮልቱን ይከታተሉ። ከ11.4 በላይ ከቆየ አዳፕተሩ አልፏል። ወደ 9 ወይም 10 ከወረደ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በሙቀት የደረቀ የአውትፑት ካፓሲተር ነው። በየጊዜው ራሱን እያጠፋ የሚነሳ ራውተር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ማጉያ መነሻቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሁለት ዓይነቶች ያታልላሉ። ታይፕ ሲ ቻርጀር ዕቃ መሰካቱን ሳያውቅ ቮልት ስለማይለቅ በባዶው ዜሮ ያነባል፤ እሱን በሚሠራ ስልክ ይፈትኑት። መሃሉ ላይ መርፌ የመሰለ ቀጭን ሽቦ ያለው የላፕቶፕ ጃክ ደግሞ ዋናውን ቮልት የሚያወጣው በሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳና በውጪው ብረት መካከል ነው። ቀጭኑ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ላፕቶፑ አዳፕተሩን የሚያውቅበት መስመር ነው፤ ሲለኩ እንዳያጣምሙት።

ሳጥኑን መክፈት ለማያውቅ ሰው አይመከርም። 230 ቮልት ላይ የነበረ አዳፕተር ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 320 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ምትክ ሲገዙ ቮልቱና ፖላሪቲው አንድ ዓይነት ይሁን፤ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። የአምፔር መብለጥ ዕቃውን አይጎዳም፤ ዕቃው የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ነው።