ከደሴ እስከ ውጫሌ በብስክሌት፦ የሁለት ቀን ጉዞ እንዴት ይደረጋል?

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ ከተማ በኩል ውጫሌ የሚያደርሰው መንገድ ርዝመቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ጉልበት ያለው ብስክሌተኛ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። እኔ ግን ለሁለት ቀን እንዲከፍሉት አጥብቄ እመክራለሁ። ቁልቁለቱ ሰውን ያስቸኩላል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ የወሎን ታሪክ የያዙትን ቦታዎች ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ በጨረፍታ አይቷቸው ያልፋል።

ለጉዞው የሚመቸው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ነው። በመስከረም ጋራው አደይ አበባ ይለብሳል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ስለሆኑ መንገዱ ዳር ሁሉ ሥራ ላይ ያለ ገበሬ ያገኛሉ። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል አስፋልቱ ያንሸራትታል፤ ሐምሌና ነሐሴን ጨርሶ ይተዉአቸው። ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ የመንገዱን ሰላም በዚያው መስመር ከሚመላለሱ ሹፌሮች ይጠይቁ፤ መንገዱ አያስተማምንም ካሉዎት ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ብስክሌቱን ሲያዘጋጁ ከሁሉ አስቀድመው ፍሬኑን ይመልከቱ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ገጹ ልሙጥ ከሆነ፣ ገና ይሠራል ብለው ሳይዘናጉ የፊቱንም የኋላውንም ይለውጡ፤ የፍሬኑ ሽቦ ጫፉ ላይ ተፈትሎ እንደሆነም አብረው ይለውጡት። እኔ አንድ ጊዜ ያለቀ የኋላ ፍሬን ይዤ ወደ ሐይቅ ስወርድ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣብኝ፤ ወርጄ ቸርኬውን በጣቴ ስነካው ፈጀኝ። ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ እስኪበርድ ጠበቅሁ፤ የቀረውን ቁልቁለትም ብስክሌቱን እየገፋሁ በእግሬ ጨረስኩት። ከዚህ ሌላ ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ መንፊያ፣ የካቴና ዘይትና ሁለት ሊትር ውሃ ይያዙ። ጎሚስታ በከተሞቹ ውስጥ አይጠፋም፤ በከተሞቹ መካከል ግን ያለዎት የያዙት ብቻ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች ጠዋቷ ብርድና ጉም አያጣውም። ስለዚህ ጉሙ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ይጎብኙ። አዳራሹ ለታላቅ ግብር የታነጸ ሲሆን፣ ስሙ ድሀውን ከመኳንንቱ ሳይለይ፣ ማንንም ሳይጸየፍ የሚያበላ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው፤ በጉባኤው የተዋሕዶ ወገን ረታ፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ፣ የወሎ ሙስሊም መኳንንትም ክርስትና እንዲነሡ ተወሰነ። የአይጠየፉ ባለቤት ሚካኤልም ቀድሞ ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩት ሰው ናቸው። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ጠዋት፣ በዚህ ቅደም ተከተል ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ አዳራሹን ያሠሩትን ሰው ስም የለወጠውን ሜዳ በዚያው ዕለት ይቆሙበታል።

የሐይቁን አውራ ጎዳና ይዘው ቁልቁለቱ ሲጀምር ፍሬኑን ይዘው አይቆዩ፤ ጨበጥ አድርገው ይልቀቁት፣ እንደገና ጨበጥ ያድርጉት። ፍጥነትዎን የሚቀንሱት ወደ ኩርባው ከመግባትዎ በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አይሁን። በጎችና እህል የጫኑ አህዮች ከኩርባው ማዶ ድንገት ይገጥሙዎታል፤ ከኋላ የሚመጣ አይሱዙ ጡሩንባ ሲያሰማ ደግሞ ሳይሟገቱ ዳር ይያዙ። እረኞች ሲጠሩዎት በእጅዎ ሰላምታ መመለስ አይርሱ፤ ዳገት ላይ ሲያለከልኩ «አብሽር!» የሚልዎት አዛውንት ካጋጠመዎት ደግሞ ቆም ብለው ያመስግኑ፤ ይህን የመሰለ ማበረታቻ በሌላ አገር መንገድ ላይ አላገኘሁም።

ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ማደሪያም እዚያው ይሁን። ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱም እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን ከየብሱ ጋር ስለተያያዘ ብስክሌትዎን እየገፉ መድረስ ይችላሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን ታላቅ የትምህርት ቦታ አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ከፍተኛ ማዕርግ ነበራቸው። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ሴት ተጓዦች ይህን አስቀድመው ይወቁ። የሚገቡትም የብስክሌት ቁምጣቸውን በረጅም ሱሪ ለውጠው፣ ነጠላ ደርበው፣ በመነኮሳቱ ፈቃድ ይግቡ፤ ጥንታዊ መጻሕፍት እንዲታዩ ሲፈቀድ በእጅ መንካትም ሆነ ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት አይገባም። ከጸሎት ቤቱ መልስ በከተማው የአሳ ጥብስ ይመገቡ። ጉልበት የተረፈው ሰው ከፍ ብሎ ወዳለው አርዲቦ ሐይቅ ሊወጣ ይችላል፤ የአርዲቦ ውሃ ወርዶ የሚገባው ወደ ትልቁ ሐይቅ ነው።

በሁለተኛው ቀን በማለዳ ተነሥተው ወደ ሰሜን ይቀጥሉ። ዳገትና ቁልቁለቱ ስለሚፈራረቅ ማርሽዎን ዳገቱ ሳይጀምር ያቅልሉ፤ ፔዳሉ ከከበደ በኋላ መለወጥ ካቴና ይበጥሳል። በስተግራ የሚታየው የአምባሰል ሰንሰለት ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የተጠራበት አገር ይህ ነው። ውጫሌ ሲደርሱ ይስማ ንጉሥ ወደሚባለው ስፍራ የሚወስደውን መንገድ ሰው ይጠይቁ። ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት በዚያ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር። በአንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ጻፈው፤ ጠቡም እያደር ከርሮ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰ። ለዚህ ቦታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይስጡት፤ ከልጆች ጋር የሚጓዙ ከሆነም ታሪኩን እዚያው ቆመው ይንገሯቸው።

ለመመለስ ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ይያዙ። ዋጋውን ብስክሌቱን ጨምረው አስቀድመው ይስማሙ፤ የፊት ጎማውን ፈትተው ከነካላማዳሪያው ውስጥ ያስገቡት፣ የቀረውን ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሲያስር ካቴናው ወደ ላይ መሆኑን ቆመው ያረጋግጡ።