ሸውራራ ዓይን የሚያቃና ሐኪም ለመሆን፦ ከጎጃም ለሚነሣ፣ ጎጃም ለሚመለስ

የሸውራራ ዓይን ሐኪም ከቢላ ይልቅ ፕሪዝም (ብርሃን የሚያዞር ብርጭቆ፤ ዓይን የዞረበት መጠንም በእሱ ይለካል) ይዞ ይውላል። ጡንቻ ነቅሎ መልሶ መስፋት እጁ ለተፍታታ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) የወራት ትምህርት ነው። አንድ ቦታ አልቀመጥም ያለን የሦስት ዓመት ልጅ ዓይን ስንት ፕሪዝም እንደዞረ ለክቶ፣ በማግስቱ ሲለካም ያንኑ ቁጥር ማግኘት ግን ዓመታት ይፈጃል። ይህን ሙያ የሚያስብ ሰው ስለ እጁ ቅልጥፍና ከመጨነቁ በፊት ከልጅ ጋር መሬት ቁጭ ብሎ መጫወት ይችል እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ልኬት ይህን ያህል የከበደበት ምክንያት ጥንትም ታይቷል። በ1839 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ዲፈንባህ የተባለ ቀዶ ሐኪም ወደ አፍንጫው የዞረ የአንድ ልጅ ዓይን ላይ ውስጠኛውን ጡንቻ ቆርጦ ለቀቀው፤ ዓይኑ ተቃና። ዘዴው ወዲያው ተዛመተ፤ ብዙ ዓይኖች ግን ውለው አድረው ወደ ጆሮ ዞሩ። ዛሬ ጡንቻው ተለቅቆ አይቀርም፤ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይሰፋል።

መንገዱ

ከ12ኛ ክፍል ጀምሮ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ አስቡ። ሕክምናውን ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መማር ይቻላል። በትምህርቱ ውስጥ ለዓይን የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠንቅቃችሁ ውጡ፦ በኦፍታልሞስኮፕ (የዓይንን ውስጥ ማያ መሣሪያ) የብሌንን ቀይ ነጸብራቅ ማየት። ከኢንተርንነትና ከብቃት ምዘናው በኋላ ጠቅላላ ሐኪም ሆናችሁ ሞጣ፣ ቢቸና ወይም ፍኖተ ሰላም ብትመደቡ የምትጠቀሙበት እሱን ነው።

ቀጥሎ የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ይመጣል። የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አዲስ አበባ (ምኒልክ 2ኛ)፣ ጎንደርና ጅማ ይገኙበታል። ስፖንሰር የሚሆናችሁ ተቋም ስትመረቁ ተመልሳችሁ እንድታገለግሉት ያስፈርማል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሰንሰለት ያየዋል። እኛ ግን የጎጃም ስፖንሰር ብታገኙ ያዙት እንላለን፤ ስትመለሱ ፕሪዝምና የልጅ ማደንዘዣ ይገዛልኝ ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል አፍ የሚሰጣችሁ ያ ውል ነው።

በሬዚደንሲ ጊዜ እጃችሁ የሚፍታታው በሞራና በትራኮማ ፀጉር ቀዶ ሕክምና ነው። አትናቁት። ሸውራራ ብቻ አይቶ የሚኖር ሐኪም በጎጃም የለም፤ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን የሚወስደው ሞራ ነው። ስፔሻሊቲው ሲያልቅ የሕፃናት ዓይንና የሸውራራ ፌሎውሺፕ (ከስፔሻሊቲ በኋላ ያለ ሥልጠና) ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። አዲስ አበባም፣ ውጭም ለምሳሌ ህንድ ማዱራይ ባለው አራቪንድ ሆስፒታል፣ ይሰጣል። ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዓመት ስንት ሸውራራ በራሴ እጅ እሠራለሁ? አብዛኛውን ቀን መንጠቆ እየያዙ ማየት ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ልኬቱ

ልጁ ገና በር ላይ ሳለ ጀምሩ። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? ፀሐይ ላይ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል? እናቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጻፉ። ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ ነጸብራቁን እዩ። ከብሌኑ መሃል 1 ሚሊ ሜትር በራቀ ቁጥር 15 ፕሪዝም ያህል ነው። የአፍንጫው ድልድይ ሰፊ የሆነ ሕፃን ሸውራራ ይመስላል፤ ነጸብራቁ በሁለቱም ብሌን መሃል ካረፈና እያንዳንዱን ዓይን በተራ ስትሸፍኑ ሌላው ካልተንቀሳቀሰ ግን ሸውራራ አይደለም።

ዋናው ልኬት ፕሪዝምና መሸፈኛ እየቀያየሩ የሚሠራው ነው፤ በ33 ሴንቲ ሜትርና በ6 ሜትር፣ በመነጽርና ያለ መነጽር። 1 ፕሪዝም ማለት ብርሃንን በ1 ሜትር ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር የሚያዞር ነው። የፕሪዝሙ ቀጭን ጫፍ ዓይኑ ወደዞረበት ይጠቁማል፤ ዓይኑ ወደ አፍንጫ ከዞረ ወፍራሙ ወገን ወደ ጆሮ ይሆናል። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። በቅርብ ሲለኩ ልጁን ባትሪ ማሳየት አይሆንም፤ ባትሪ ዓይኑን አጥርቶ እንዲያተኩር አያስገድደውምና የዞረው መጠን አንሶ ይታያል። ጥቃቅን ነገር ያለበት ሥዕል አሳዩትና «ውሻዋ ስንት እግር አላት?» እያላችሁ አስቆጥሩት። 6 ሜትር ክፍል ከሌለ በ3 ሜትር ላይ መስታወት ይሠራል። ሌላው ስህተት ሁለት ፕሪዝም በአንድ አቅጣጫ መደራረብ ነው፤ 20 እና 20 ተደራርበው 40 አይሆኑም፣ ይበልጣሉ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ዓይን ፊት ያዙ።

ሁለት ልኬት በተለያየ ቀን ካልተስማማ ቀዶ ሕክምና አይታሰብም።

ከቢላ በፊት

ወደ አፍንጫ የዞረ ዓይን ሁሉ ጡንቻው አጥሮ አይደለም። ቅርቡን አጥርቶ ለማየት ሲታገል የሚዞር አለ፤ ይህን መነጽር ብቻውን ያቃናዋል። ስለዚህ ዓይኑን ከማተኮር የሚያሳርፈውን ጠብታ፣ ሳይክሎፔንቶሌት 1 በመቶ፣ በ5 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ጠብ አድርጋችሁ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ ሬቲኖስኮፒ (የመነጽር ቁጥርን በብርሃን መለካት) ሥሩ። ጠቆር ያለ ዓይን ጠብታውን ቶሎ አይቀበልምና ቸኩላችሁ አትለኩ። ለትናንሽ ልጆች አትሮፒን 1 በመቶ ቤት ውስጥ ለሦስት ቀን ማድረግ ይሻላል። እናቲቱ ስታደርግ የዓይኑን ውስጠኛ ጥግ በጣቷ ትጫን፤ ፊቱ ከቀላ፣ አፉ ከደረቀ ወይም ካተኮሰው ታቁም። ከ67 ሴንቲ ሜትር ከለካችሁ ካገኛችሁት የመነጽር ቁጥር 1.50 ቀንሱ። ይህን ረስቶ መነጽር የሚያዝዝ ሐኪም ልጁ መነጽሩን ሲወረውር ይገረማል።

በዚያው ጠብታ ብሌኑ ስለተከፈተ የዓይኑን ጀርባ ሳታዩ ልጁን አትልቀቁ። ሞራም፣ ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት ዓይን ካንሰርም መጀመሪያ በሸውራራነት ሊታዩ ይችላሉ። ሁለተኛው ሕይወት ይወስዳል። ትልቅ ሰው በድንገት ሁለት ሁለት እያየ፣ የአንዱ ዓይን ቆብ ወድቆና ብሌኑ ሰፍቶ ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ የአንጎል ደም ሥር ሊሆን ይችላልና በዚያው ዕለት ሪፈር ይጻፍ።

ዞሮ በመቆየቱ የደከመው ዓይን እይታ ከሰባት ዓመት ዕድሜ በፊት ሲታከም በተሻለ ይመለሳል። ጤነኛው ዓይን ይሸፈናል፦ ድካሙ መካከለኛ ከሆነ በቀን 2 ሰዓት፣ ከባድ ከሆነ 6 ሰዓት። ጎጃም ላይ ይህ የሚሰናከልባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ፕላስተሩ ቆዳውን ይልጠዋል፤ ወይም «ደኅናውን ሸፍነው የታመመውን ተዉት» ብላ አያት ትነቅለዋለች። መሸፈኛው ቤት ውስጥ እህል ሲለቅም ወይም ፊደል ሲቆጥር ይደረግ፤ ከብት ሲጠብቅና ወንዝ ሲሻገር አይደረግ። ጸበል የሚወስዱትን አትከልክሉ። «እናቱ፣ ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ሲመለስ መሸፈኛውን መልሽለት» ማለት ክርክሩን ያስቀራል።

ቀዶ ሕክምናው

ሁለቱ ቃላት ሪሴሽንና ሪሴክሽን ናቸው፤ አንዱ ጡንቻን ወደኋላ ወስዶ ማላላት፣ ሌላው ቆርጦ ማሳጠር። በጭንብል ውስጥ ሲነገሩ ስለሚምታቱ በአማርኛ «ማላላት» እና «ማሳጠር» ይባሉ። ዕቅዱ በትልቅ ፊደል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ «ቀኝ ዓይን፣ ውስጠኛ ጡንቻ፣ ማላላት፣ 4.5»። ክሊኒክ ውስጥ በግራችሁ የነበረው ቀኝ ዓይን፣ ከራስጌ ስትቀመጡ በቀኛችሁ ይሆናል። ጡንቻ ማምታታት የሚመጣው ከዚህ መገለባበጥ ነው።

ለመጀመር የሚያገለግል ሠንጠረዥ፦ ወደ አፍንጫ የዞረ ዓይን ሲሆን የሁለቱም ዓይን ውስጠኛ ጡንቻ ለ20 ፕሪዝም 3.5፣ ለ30 ደግሞ 4.5፣ ለ40 ደግሞ 5.5፣ ለ50 ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ይላላል። 1 ሚሊ ሜትር 10 ፕሪዝም ያህል ማለት ነውና ካሊፐራችሁን (ሚሊ ሜትር መለኪያ መሣሪያ) በየቀኑ ከማስመሪያ ጋር አስተያዩ፤ ሲወድቅ ይጣመማል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ልጁ ከተኛ በኋላ ዓይኑን በፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) ይዛችሁ አዙሩት፤ የሚያግድ ነገር ካለ ሠንጠረዡ አይሠራም። ኮንጀንክቲቫውን (የዓይኑን ነጭ የሸፈነውን ስስ ሽፋን) ክፈቱ፣ ጡንቻውን በመንጠቆ ያዙ፣ 6-0 ቪክሪል (በሰውነት ውስጥ የሚሟሟ ስስ ክር) በሁለቱም ጠርዝ ቆልፋችሁ ስፉ፣ ከዚያ ቁረጡ። ውስጠኛው ጡንቻ ከኮርኒያ (ብርሃን አስገቢው የዓይን ፊት) ጠርዝ 5.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይገኛል። ከጡንቻው መጣበቂያ ኋላ ያለው ስክሌራ (የዓይኑ ነጭ ግድግዳ) ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ መርፌው በስክሌራው ውስጥ ሲሄድ ጥላው እየታያችሁ ካልሆነ ጠልቃችኋል።

መንጠቆ ስትስቡ የልብ ምቱ ድንገት ሊያሽቆለቁል ይችላል። መንጠቆውን ልቀቁ፣ ጠብቁ። ካልተመለሰ የማደንዘዣ ባለሙያው አትሮፒን 0.02 ሚሊ ግራም በኪሎ ይስጥ፤ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.24 ነው። መጠኑ ከመጀመሩ በፊት ተሰልቶ በሲሪንጅ ይቀመጥ። ክሩ አምልጦ ጡንቻው ወደኋላ ከተሸሸገ አትቆፍሩ፤ በተለይ ውስጠኛው ጡንቻ የሚይዘው ጎረቤት ስለሌለው ርቆ ይገባል። ብርሃን ጨምሩ፣ ቀስ ብላችሁ እዩ፣ ከእናንተ የበለጠ የሠራ ሰው ጥሩ። በአንድ ዓይን ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት በላይ ቀጥተኛ ጡንቻ አትንኩ፤ የዓይኑ ፊት ደም የሚያገኘው በእነሱ በኩል ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ዓመት ልብስ መቀየሪያ ክፍል እንኳ ላይኖራችሁ ይችላል። የግድ የሚያስፈልገው የፕሪዝም ስብስብ፣ ሬቲኖስኮፕ፣ የመነጽር መሞከሪያ ሳጥን፣ ፊደል ለማያውቁ የሚሆን የእይታ ሰሌዳ፣ ሁለት ካሊፐር፣ ክርና ልጅ ማስተኛት የሚችል የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። የመጨረሻው ከሌለ አሥራ አምስት ዓመት ያለፋቸውን በአካባቢ ማደንዘዣ እየሠራችሁ ጠብቁ። የትልቅ ሰው ዓይን ማቃናት ለጌጥ ነው የሚል አስተዳዳሪ ያጋጥማችኋል፤ ከዓይኑ የተነሣ ሥራም ትዳርም የተነፈገ ሰው እንዳለ ንገሩት።

ቀጠሮ በኅዳርና በታኅሣሥ አትሙሉ፤ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለ ቤተሰብ አይመጣም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በማግስቱ፣ በሳምንቱና በስድስተኛው ሳምንት መታየት ስላለበት ከጥር ጀምሮ ያለው ጊዜ ይመቻል። ለወላጅ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ይነገር፦ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችልና ዓይኑ ቢቃናም መነጽሩ እንደማይወልቅ።