ሐዋሳን በእግር፦ በየቀኑ የምናልፋቸውን ነገሮች እንዴት እንመልከት?

የሐዋሳ ሰው እንግዳ ሲመጣበት ፍቅር ሐይቅ ያናፍሰዋል፣ አሞራ ገደል ዓሳ ይጋብዘዋል፣ ከዚያ «በቃ፣ ይኸው ነው» ይላል። ከተማው ግን በዚህ አያልቅም። ግማሽ ቀን፣ የሚመች ጫማና ኮፍያ ካለዎት ይበቃል።

መጀመሪያ መንገዱን ያሳጥሩ። ብዙዎች በአንድ ቀን የታቦር ተራራንም፣ ሐይቁንም፣ ገበያውንም ለማዳረስ ባጃጅ ይይዛሉ፤ ማታ የሚተርፋቸው ድካም ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ጎዳና በቂ ነው። በአንዱ ጠርዝ ይሂዱ፣ በሌላው ይመለሱ።

ቀጥሎ ሰዓት ይምረጡ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆናለች፤ ውሃውም ወፎቹም ጥርት ብለው ይታያሉ። ማታ ጥሩ ጀምበር አለ፣ ፎቶ ላይ ግን ሁሉም ጥላ ይሆናል። ለሐውልትና ለግድግዳ ቅርጽም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ከሰዓት ይሻላል። ብርሃኑ ከጎን ሲመታ የቅርጹ ጉድፍና እብጠት ይወጣል፤ በ6 ሰዓት ፀሐይ ግን ፊቱ ሁሉ ልሙጥ ይመስላል።

ሱሙዳ አደባባይም ሆነ ሌላ ሐውልት ጋ ሲደርሱ ቶሎ አይጠጉ። መጀመሪያ የቁመቱን እጥፍ ያህል ርቀው ይቁሙ፣ አንድ ዙር ይዙሩት፣ ከዚያ ይቅረቡ። መኪናው ስለሚበዛ ዙሩን ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው ይጨርሱት። ከሥሩ የሠሪው ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ። በሲሚንቶ የተሠራ ከሆነ ስንጥቁን ይዩ፤ ከውስጡ ቡናማ ዝገት ከወረደ እርጥበት ፌሮው ጋ ደርሷል ማለት ነው። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል። የግድግዳ ሥዕል ቀለምም ብዙ ጊዜ የሚላጠው ከታች ነው፤ መሬቱ እርጥበቱን ወደ ላይ ስለሚልክ። በላዩ ሌላ ቀለም መቀባት ለአንድ ክረምት እንኳ አያዛልቅም።

ቤተ ክርስቲያን የሚገቡት ከቅዳሴ ውጭ፣ ጫማ አውልቀው፣ ለፎቶ ፈቃድ ጠይቀው ነው። በጥንቱ የአሳሳል ሥርዓት ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ በአዳዲስ ሥዕሎች ይህ ላልቷል፣ የትኛው ጋ እንደቀረ መፈለግ ራሱ አንድ ሥራ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ለበዓሉ ካልሆነ ለሥዕል አይሂዱ።

አሞራ ገደል በጠዋት ነው፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ። ቆሮሶና አምባዛ ሲገፈፍ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ። እግራቸውን አስተውሉ፤ ነጭ የሚመስለው ኩሳቸውን ስለሚረጩበት ነው፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነታቸውን ያቀዘቅዛል። ዓሳ በፌስታል አይወርውሩላቸው፣ ፌስታሉንም ይውጡታልና። ጦጣ ካለ ምግብ በእጅ ይዞ መሄድም ጠብ መጥራት ነው። ጀልባ ከፈለጉ ዋጋውን ለሰው ወይስ ለጀልባው እንደሆነ ሳይሳፈሩ ይነጋገሩ።

የሲዳማ በዓል የሚከበርበትን ጉዱማሌን ባዶውን ዞሮ መመለስ ብዙም አያጠግብም፤ በፍቼ ጨምበላላ ይሂዱ። የሲዳማው ዘመን መለወጫ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ቀኑን አያንቱዎች የሚባሉት የሲዳማ ሽማግሌዎች ከዋክብትን ተመልክተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል፤ የአምናውን ቀን ይዘው አይቅጠሩ፣ ሲታወጅ ይጠብቁ።