ፍላሚንጎ ፍለጋ ወደ አረንጓዴ ሐይቅ፦ ከአንድ የቃሊቲ ሾፌር

በሥራ ቀን ከቃሊቲ ቢሾፍቱ እመላለሳለሁ፤ እሑድ ኮንትራት እይዛለሁ። የኮንትራት ተሳፋሪ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ሾፌር፣ ያቺ ሮዝ ወፍ የት ነው ያለችው?» ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ውኃውን እንይ።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ባሕርያቸው ለየቅል ነው። ባቦጋያ ዓሣ አለበት፤ ስለዚህ የሚያዘወትረው ዓሣ በል ወፍ ነው። ፍላሚንጎ፣ በተለይ ትንሹ ዓይነት፣ የሚፈልገው ሶዳማ ውኃ ነው። እሱን የምታገኙት ከከተማው በስተደቡብ ወጣ ብሎ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ሐይቁ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ የለም። ፀሐይ ውኃውን ስታተነው ሶዳው ይቀራል፣ ፒኤቹም (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው) 10 ገደማ ነው። እዚያ የሚመቸው ስፒሩሊና የሚባለው ረቂቅ ሕይወት ነው። ውኃውን የጎመን ቅቅል የሚያስመስለው እሱ ነው፤ ወፏ የምትበላው እሱን ነው፤ ሮዝነቷም ከእሱ የመጣ ነው። ኪሎሌ ሐይቅም ድሮ እንዲህ ነበር። ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ሲለቀቅበት ሶዳው ቀጠነ። ለፍላሚንጎ ብላችሁ ወደዚያ ነዳጅ አታቃጥሉ።

ከቃሊቲ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። በአቃቂና በዱከም ያለው የድሮው መንገድ ከባድ መኪና ያስከትላችኋል፤ ከቱሉ ዲምቱ በክፍያ መንገዱ ግቡ። ሐይቁ ጋ ስትደርሱ በምሥራቁ ከንፈር ቁሙ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ስለምትሆን ማዶ ያለው ዳር ጥርት ብሎ ይታያል። ቁልቁል ለመውረድ አትቸኩሉ። ነፋስ ስፒሩሊናውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፤ ወፎቹም የሚሰበሰቡት ወፍራሙ አረንጓዴ አረፋ በተከማቸበት በኩል ነው። ባይኖኩላራችሁን መጀመሪያ ወደዚያ አዙሩ፤ 8 እጥፍ የሚያጎላው፣ 8 በ42 የሚባለው ይበቃል።

አንዷን ብቻ መርጣችሁ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱ። አንገቷን ደፍታ ምንቃሯን ትገለብጠዋለች፣ የላይኛው ወደ ታች ይሆናል። ምላሷ እንደ ፓምፕ ቶሎ ቶሎ እየሳበ ውኃውን ያስገባና ያስወጣል፤ በምንቃሯ ውስጥ ያለው ወንፊት ስፒሩሊናውን ያስቀረዋል። ጥልቅ ቦታ ላይ እየዋኘችም ትበላለች። ምንቃሯ ጥቁር ቀይ ከሆነ ትንሹ ፍላሚንጎ ናት። ምንቃሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ከጠቆረ ትልቁ ነው፤ እሱ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳትን ይፈልጋል።

አንዳንዱ ቪዲዮ ለመቅረጽ «ክላክስ አድርግና ይነሡልን» ይለኛል። አላደርግም! ወፏ የተነሣችው ቁርሷን ጥላ ነው። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ከተማዋ ውስጥ የአየር ኃይል ሰፈር ስላለ ካሜራና ባይኖኩላራችሁን በዚያ በኩል አታዙሩ። ደግሞም ፍላሚንጎ ምግብ እያየች በሌሊት ከሐይቅ ሐይቅ የምትዘዋወር ናትና ባዶ ውኃ ብታገኙ ሾፌሩን አትቆጡ።

እንዲህ በሆነ ቀን የማዞረው ወደ ጨለቅለቃ ሐይቅ ነው። ጥልቀት የለውም፣ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይሸሻል። ከጥቅምት እስከ ጥር ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱ ዳክዬዎች፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ጭቃ ለቃሚዎችና ግራጫ ክሬኖች ይወርዱበታል። በክረምት ግን የዚያ አገር ኮትቻ አፈር ጎማ ይውጣል፤ ከአስፋልት አትውረዱ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ደግሞ ኢሬቻ እዚሁ ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ላይ ይከበራልና ለበዓሉ ካልሆነ ለወፍ አትምጡ።

ዳር የወረዳችሁ እንደሆነ የሶዳ ውኃ እጅ ያሟልጫል፣ ዓይን ይለበልባል። ለልጆች መታጠቢያ ንጹህ ውኃ ያዙ። ማሳ አቋርጣችሁ ከሆነ የጤፉን ባለቤት ሰላም ብላችሁ አስፈቅዱ።

ሰጎንና ጋዜላ ለሚፈልግ ቢሾፍቱ አይሆንም፤ ባቱን አልፎ አብያታ ሻላ ፓርክ መሄድ ነው፣ ደርሶ መልሱ ስለሚያደክም ማደር ይሻላል። ሰጎኖቹን በሩ አካባቢ ታገኛላችሁ። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ ዳሩ ላይ ፍል ውኃ ይፈላል። አብያታ ግን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ስለሚጠለፍና ውኃው ለሶዳ ምርት ስለተሳበ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ትቶት የሄደው ሜዳ ላዩ ደርቆ ነጭ ይመስላል፣ ሥሩ ጭቃ ነው። ጠባቂው «እዚህ ቁም» ካላችሁ እዚያው ቁሙ፤ መኪና ከገባበት የሚያወጣው ትራክተር ብቻ ነው።